ሆስፒታሉ ሥራ ላይ እያለ ጎኑ አዲስ ህንፃ ልንጀምር ነው፣ መሬቱ ግን ዋልካ ነው። ምን ትላላችሁ?

የግቢው_ሰው

ሰላም ቤተሰብ። ጥያቄዬ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ አንድ ሆስፒታል ውስጥ አስተዳደር ክፍል ነው የምሠራው። ኢንጂነር አይደለሁም፣ ስለ ብረትና ሲሚንቶ የማውቀው ደረሰኙን ብቻ ነው። ህንፃችን ጂ+3 ነው፣ ከተሠራ 14 ዓመት ሆኖታል። ያኔ ዙሪያው የጤፍና የሽምብራ ማሳ ነበር ይላሉ የድሮ ሠራተኞች። ዛሬ ኮንዶሚኒየሙ ከቦናል፣ የካርድ ክፍል ሰልፍ ገና ጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይሆን በሩን አልፎ አስፋልት ይደርሳል። የማዋለጃ ክፍላችን ስድስት አልጋ ነው ያለው። ባለፈው ወር አንድ ሌሊት እናቶችን ኮሪደር ላይ በስትሬቸር አስተኝተን ነው ያደርነው።

ስለዚህ ቦርዱ ይስፋ ብሏል። ሁለት ህንፃ ነው የታሰበው። አንደኛው ጂ+5፣ ለማዋለጃና ለኦፕራሲዮን፣ ከአሁኑ ህንፃ ጎን ተጠግቶ። ሁለተኛው ባለ አንድ ወለል፣ ለሲቲ ስካንና ለላብራቶሪ፣ ከኋላ በኩል ወደ ወንዙ ዘንበል በሚለው ቦታ ላይ።

ችግሩ መሬቱ ነው። ጥቁር ዋልካ። በየካቲት ስንጥቁ ውስጥ እጄን እስከ ክርኔ አስገብቻለሁ (ቁልፍ ወድቆብኝ ነው፣ አላገኘሁትም)። በሐምሌ ደግሞ ጫማ ያስቀራል። የኋላው ቦታ ይባስ ብሎ ያኔ ህንፃው ሲሠራ የተረፈው ድንጋይ፣ ስብርባሪ ብሎኬትና አፈር ተደፍቶበት ላዩ ላይ ሣር በቅሎበታል። ከዚያ በታች ያለው መሬት በበጋም አይደርቅም፣ ምንጭ ሳይኖረው አይቀርም ብለን እናስባለን። የጥበቃ ቤቱንና የኋላውን አጥር እኔ ከገባሁ ጀምሮ ተሰንጥቀው ነው የማውቃቸው። እንለስናለን፣ መልሰው ይሰነጠቃሉ።

አሁን ሁለት ሐሳብ ቀርቧል። አንድ ኮንትራክተር (የአንድ የቦርድ አባል ዘመድ ነው፣ እሱን እንተወው) "አንድ ሜትር ተኩል ቆፍሬ አወጣለሁ፣ ሰሌክት ሞልቼ በሮለር እጠቀጥቃለሁ፣ ከዚያ ፉቲንግ ነው፣ ምንም አትሆኑም" ይላል (ሰሌክት ተመርጦ የሚመጣ መሙያ ነው፣ ፉቲንግ ደግሞ ዓምዱ የሚያርፍበት ሰፊ የኮንክሪት መሠረት)። አማካሪው ደግሞ ለሁለቱም ህንፃ ፓይል (መሬት ውስጥ በጥልቀት የሚወርድ የኮንክሪት ምሰሶ) ይላል። የዋጋው ልዩነት ቦርዱን አስደንግጦታል። አንዱ አባልማ "ፎቅ እንኳን ለሌላት ቤት ፓይል? እኛ ላይ ሊከብሩብን ነው" ብሎ ስብሰባ ረግጦ ወጥቷል።

ማን ነው ትክክል? ደግሞ ዋናው፣ ይሄ ሁሉ ሲሆን ሆስፒታሉ መዘጋት አይችልም። ሌሊት ምጥ ይዟት የመጣችን ሴት ግንባታ ላይ ነን ብዬ ልመልሳት አልችልም። የሠራችሁበት ወይም ያያችሁት ካለ ንገሩኝ።

---

ጭቃ_መርማሪ

ሥራዬ የአፈር ምርመራ ነው። ከመመለሴ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ። የላውንደሪያችሁ ውሃ ወዴት ነው የሚሄደው? የጣሪያው አሸንዳስ የት ነው የሚያፈሰው? ትስቅ ይሆናል፣ ግን ከፓይሉ በፊት የሚጠየቀው ይሄ ነው።

ዋልካ እርጥበቱ ካልተለዋወጠ ዝም ብሎ የሚቀመጥ አፈር ነው። ውስጡ ያለው ስሜክታይት የሚባለው የሸክላ ዓይነት ውሃ ሲያገኝ በገጾቹ መሃል አስገብቶ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ቤት የሚሰነጥቀው አንዱ ጥግ ረጥቦ ሌላው ጥግ ሲደርቅ ነው። ሆስፒታል ደግሞ ውሃ የሚያፈስ ቤት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ተኝቶ ለሚታከም ሰው በቀን ቢያንስ ከ40 እስከ 60 ሊትር ውሃ ያስፈልጋል ይላል፣ ኦፕራሲዮንና ማዋለጃ ሲጨመር ከዚያ በላይ ይሄዳል። ያ ሁሉ ውሃ በቧንቧ ገብቶ በቧንቧ መውጣት አለበት። መንገድ ላይ አንድ መጋጠሚያ ካንጠባጠበ በክረምትም በበጋም ያንን አንድ ጥግ ታጠጣለህ ማለት ነው።

ስለ ኮንትራክተሩ ሐሳብ። ቆፍሮ ሰሌክት መሙላት የታወቀ ዘዴ ነው፣ በየሰፈሩ የሚሠራው እሱ ነው። ግን አስበው፣ ውሃ ቶሎ በማያሳልፍ ጭቃ ውስጥ ትልቅ ጉድጓድ ትቆፍርና ውሃ በሚያሳልፍ ቀይ አሸዋና ጠጠር ትሞላዋለህ። ምን ሠራህ? ገንዳ ነው የሠራኸው። የሰኔ ዝናብ ከዳር ዳር ይገባና ታች ይጠራቀማል፣ ሥሩ ያለው ዋልካ ቀን ከሌት ይጠጣል። መሙያው ጥሩ የሚሆነው ዋልካው ስስ ሆኖ ጨርሶ ከወጣ ነው፣ ወይም ደግሞ ዙሪያው ሰፊ የኮንክሪት መሄጃ ተሠርቶለት፣ ውሃው ከታች በቱቦ እንዲወጣ ተደርጎ፣ መሙያውም ራሱ ውሃ በቀላሉ የማያሳልፍ ሲሆን ነው። "ሰሌክት" የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግርህም።

ቦርድህ የሳተው ደግሞ እዚህ ጋ ነው። ትልቁን ህንፃ ፈርተው ትንሹን ንቀዋል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የህንፃ አንድ ወለል በካሬ ሜትር 1 ቶን ገደማ ነው የሚጫነው። የሚያብጥ ዋልካ ታፍኖ ሲይዝ የሚገፋው ኃይል በካሬ ሜትር 10 ቶንና ከዚያ በላይ ሊደርስ ይችላል። ጂ+5 ክብደቱ በፉቲንግ ላይ ሲሰበሰብ መሬቱን ተጭኖ ይይዘዋል። ያቺ ባለ አንድ ወለል የሲቲ ስካን ቤት ግን ቀላል ናት፣ መሬቱ እንደ ሊጥ ያነሳታል። የጥበቃ ቤትህና አጥርህ ቀድመው የተሰነጠቁት ለምን መሰለህ? ቀላል ስለሆኑ ነው። ዋናው ህንፃ ደህና ነው አይደል?

ፓይልም ቢሆን በደንብ ካልተሠራ ገንዘብ መቅበር ነው። ፓይሉ የሚንቀሳቀሰውን አፈር አልፎ ጠንካራው ላይ መድረስ አለበት፣ ያበጠው ዋልካ ጎኑን ይዞ ወደ ላይ ስለሚጎትተው ብረቱ እስከ ታች ድረስ መውረድ አለበት፣ ግሬድ ቢሙ (ፓይሎቹን ከላይ የሚያያይዘው አግዳሚ ኮንክሪት) ሥር ደግሞ አፈሩ የሚያብጥበት ክፍተት ይተዋል። ወለሉም መንጠልጠል፣ ማለትም አፈሩን ሳይነካ ቢሞቹ ላይ ማረፍ አለበት። ፓይል ላይ ሚሊዮን አፍስሰው ሲያበቁ የምድር ወለሉን በቀጥታ ጭቃው ላይ የሚያነጥፉ አይቻለሁ። ዓምዶቹ ንቅንቅ አላሉም፣ ወለሉ ግን በሁለት ክረምት ተነስቶ በሮቹ አልከፈት አሉ።

ባጭሩ ማን ትክክል እንደሆነ ማወቅ የሚቻለው ሲቆፈር ነው። በእናንተ በኩል ጠንካራው የባዛልት ድንጋይ አንድ ጋ 3 ሜትር ላይ ይገኝና 20 እርምጃ ራቅ ብለህ በእጥፍ ይወርዳል። ደግሞ ተጠንቀቅ፣ ባዛልት ሲፈረካከስ ትላልቅ ቋጥኞች በአፈር መሃል ይቀራሉ። መቆፈሪያው ቋጥኝ ሲነካ "ደረስን" ብሎ የሚያቆም ሰው አለ። ከነካ በኋላ ጥቂት ሜትር ገብቶ ማረጋገጥ ግዴታ ነው። አማካሪህ ይሄን ሳያይ ለሁለቱም ፓይል ካለ እሱም ቸኩሏል።

---

ዝም_ብለህ_ሥራ

ሽጡትና ሌላ ቦታ ሥሩ። ጭቃ ላይ ምን አስቀመጣችሁ።

---

የግቢው_ሰው

@ዝም_ብለህ_ሥራ ወንድሜ በዚህ አቅጣጫ ዋልካ ያልሆነ ባዶ መሬት ካገኘህ ንገረኝ፣ ኮሚሽን እሰጥሃለሁ። ቢገኝም ካርታው እስኪወጣ እኛ ጋ የሚወለዱት ልጆች ራሳቸው ይወልዳሉ።

@ጭቃ_መርማሪ እውነቴን ነው የምልህ የላውንደሪውን አላውቀውም። ነገ አጣራለሁ። ዋናው ህንፃ ላይ ይሄ ነው የሚባል ስንጥቅ የለም።

---

ሲስተር_አዳር

እኔ ስለ አፈሩ አላውቅም፣ ሆስፒታሉ ክፍት ሆኖ ስለሚባለው ግን አውቃለሁ። ድሮ የምሠራበት ቤት (ስሙ ይቅር) ልክ እንደናንተ ጎኑ ላይ ሁለት ዓመት ተኩል ተገነባ። አዳር ነበርኩ አብዛኛውን ጊዜ።

ማንም ያላሰበው ነገር ሲኖትራኩ ነው። ከባድ መኪና በቀን ከተማ ውስጥ ስለሚከለከል አሸዋውና ጠጠሩ የሚመጣው ሌሊት ነው። ዘበኛው ደክሞት "እዚሁ ገልብጠው" ይላል። አንድ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደም የሚፈሳት እናት በላዳ መጣች፣ የድንገተኛው በር ፊት የአሸዋ ክምር! በአራት ሰው ተሸክመን ነው ያስገባናት። ተርፋለች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ከዚያ ወዲህ ለግንባታው የራሱ በር ተከፈተለት፣ ግን እስከዚያ ድረስ አምስት ወር ሄዷል። እናንተ የመጀመሪያውን አካፋ ከመትከላችሁ በፊት ሌላ በር አውጡ። አጥሩን ሰብራችሁም ቢሆን፣ ተሰንጥቋል ብለሃል አይደል እንዴ።

ሁለተኛው አቧራው ነው። ሰው አቧራን ንቆት "እናጸዳዋለን" ይላል። አፈርና የቆየ ግድግዳ ሲፈርስ አስፐርጊለስ የሚባል የሻጋታ ዘር ይነሳል፣ በዓይን አይታይም። ጤነኛ ሰው ሲተነፍሰው ምንም አይለውም። ካንሰር መድኃኒት ላይ ያለ ሰው፣ ያለ ቀኑ የተወለደ ሕፃን፣ ስቴሮይድ ብዙ የወሰደ ሰው ግን ሳንባው ውስጥ ሊበቅልበት ይችላል። እኛ ጋ መጀመሪያ ላይ የዘረጉት አቡጀዴ ነበር! አቡጀዴ ደቃቁን አቧራ አይዝም፣ ያሳልፈዋል እንጂ። በኋላ ነው እስከ ኮርኒስ የሚደርስ የጂፕሰም ቦርድ ግድግዳ ተሠርቶ ጠርዙ ሁሉ የታሸገው። በግንባታው ፊት ያሉ መስኮቶች በሙሉ ይታሸጉ፣ ደካማ ታካሚዎች ወደ ሌላኛው ጎን ይዛወሩ። የጨቅላ ሕፃናት ክፍላችሁ በየት በኩል ነው? እሱን መጀመሪያ አንቀሳቅሱ።

ደግሞ ጫጫታው። ጃክሃመር እየጮኸ የሕፃን የልብ ምት ማዳመጥ አይቻልም፣ ሞክረነዋል። ፎርማኑ ጥሩ ሰው ነበር፣ ስልክ ደውለን "አንዴ አቁምልን" ስንለው ያቆም ነበር። እንዲህ ያለ ስምምነት በውል ላይ ይጻፍ፣ በፎርማኑ ደግነት ላይ አይንጠልጠል። የእኛ ሰውዬ ሲቀየር አዲሱ ስልክ አያነሳም ነበር።

---

አባ_ግሬደር

ልጄ፣ እኔ 30 ዓመት ፎርማን ነበርኩ። እነዚህ የተማሩ ልጆች ጥሩ ይናገራሉ፣ ግን እኔ ሁለት ሦስት ነገር አለኝ።

አሮጌው ህንፃ ጎን ነው የምትቆፍሩት። የአሮጌው ፉቲንግ ስንት ሜትር ላይ ነው የተቀመጠው? ፕላኑ አለህ? ፕላኑ ቢኖርህም አትመነው፣ ያኔ የቆፈረው ሰው ዋልካ ሲመረው ግማሽ ሜትር ቀንሶ ሊሆን ይችላል። በእጅ፣ ማለቴ በዶማ፣ አንድ ቦታ ፉቲንጉ ጎን ወርዳችሁ እዩት። አዲሱ ከአሮጌው በታች የሚወርድ ከሆነ በአንድ ጊዜ ጎኑን ሙሉ በኤክስካቫተር መክፈት የለም! መሬት ይዞት የነበረውን ስታነሳበት ፉቲንጉ ወደ ጉድጓዱ ይንሸራተታል። አንድ ሜትር፣ አንድ ሜትር ተኩል ይቆፈራል፣ ይደገፋል፣ ይሞላል፣ ከዚያ ዘለል ብሎ ሌላ ቦታ። ቀስ ይላል፣ ገንዘብ ይበላል፣ ግን ፎቁ ላይ የተኛ ሰው አለ።

ጊዜው ደግሞ። ቁፋሮ ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ ነው የሚጀመረው፣ መሬቱ ጠጠር ሲል። መሠረቱ ከግንቦት በፊት ከመሬት ወጥቶ፣ ተሞልቶ፣ ውሃ መሄጃው መሠራት አለበት። ክረምት ላይ ክፍት ጉድጓድ አሮጌ ህንፃ ጎን ማስቀመጥ ኃጢአት ነው። የኛ አገር ችግር ግን የታወቀ ነው፣ ጨረታው፣ ፈቃዱ፣ ቅድመ ክፍያው ሲጓተት ቁፋሮው ግንቦት ላይ ይወድቃል። ከዘገየ ዝም ብላችሁ እስከ ጥቅምት ቆዩ። ቦርዱ ይጮሃል፣ ይጩህ።

ፓይሉን በተመለከተ፣ ዋልካው ሁለት ሜትር ተኩል ብቻ ከሆነ ቆፍረህ ደረቁ ላይ ውረድና ፉቲንግህን እዚያ አስቀምጥ። ፓይል የሚያመጣው መኪናና ሰው ብቻ ስንት ያስከፍላል መሰለህ። ግን በተደፋው አፈር ላይ፣ ብሎኬትና ድንጋይ የተቀላቀለበት ብለሃል፣ እዚያ ላይ ምንም እንዳትሠራ። ማን እንደጠቀጠቀው፣ ውስጡ ምን እንዳለ አይታወቅም።

እኔ የሰሜን ሸዋ፣ የእነዋሪ ሰው ነኝ። እኛ ጋ ገበሬው ዋልካውን እንዴት እንደሚይዘው ታውቃለህ? በክረምት ማሳውን ሹሩቤ አድርጎ ይሠራዋል፣ ከፍ ያለ መደብ፣ መሃል ቦይ፣ ውሃው በቦዩ ይወርዳል፣ እህሉ አናት ላይ ይበቅላል። ሽምብራና ጓያን ደግሞ ዝናቡ ሲያበቃ በቀረው እርጥበት ይዘራል፣ ምክንያቱም ይሄ አፈር የጠጣውን ውሃ ቶሎ አይለቅም። ያልተማረው ገበሬ ይሄን ካወቀ ዲግሪ ያለው ኮንትራክተር ገንዳ ሠርቶ ሰሌክት ሲሞላበት ይገርመኛል።

---

ጭቃ_መርማሪ

@አባ_ግሬደር ጋሼ፣ በሁለት ሜትር ተኩሉ እስማማለሁ። ጉድጓዱ ተቆፍሮ ያንን ካሳየ ፓይሉ ይቅር፣ ፉቲንጉ ደረቁ ላይ ይቀመጥ። ጭራሽ ባይደረስስ ነው ጥያቄው።

አንድ የረሳሁት። ግቢው ውስጥ ባሕር ዛፍ አለ?

---

የግቢው_ሰው

አለ፣ ወደ አሥር የሚጠጋ። አዲሱ ህንፃ የሚያርፍበት ላይ። እንቆርጣለን ብለን ነበር።

---

ጭቃ_መርማሪ

ቁረጡት፣ ግን አሁን ቁረጡት እንጂ ኤክስካቫተር ሲገባ አይሁን። ባሕር ዛፍ ለዓመታት ከዚያ አፈር ውስጥ ውሃ ሲመጥ ኖሯል። ሲቆረጥ አፈሩ የደረቀውን መልሶ መጠጣት ይጀምርና ያብጣል፣ ይሄ ደግሞ በአንድ ክረምት አያልቅም። ዛፉን ዛሬ ቆርጠህ ነገ መሠረት ካፈሰስክ እብጠቱን ከታች አስቀምጠህ ነው የምትገነባው። ሥሩም ተነቅሎ ጉድጓዱ በተመሳሳይ አፈር ይሞላ።

---

ባዮሜድ_ነኝ

የሕክምና መሣሪያ ኢንጂነር ነኝ፣ እስካሁን ማንም ስላላነሳው እኔ ላንሳው። አሮጌውና አዲሱ ህንፃ እንዴት ነው የሚገናኙት?

አሮጌው 14 ዓመት ተቀምጦ መሬቱን ለምዷል። አዲሱ ገና መስጠም ይጀምራል። በአንድ ላይ ብታጣብቋቸው መጋጠሚያው ላይ ይቀደዳል። ለየብቻ ቆመው በመሃል ክፍተት መተው አለበት፣ በኮሪደር ተሸፍኖ። ክፍተቱ ለሌላም ነገር ነው። በ2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌ በኩል በተከታታይ መሬት ሲንቀጠቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል፣ ታኅሣሥ 26 ሌሊት ብዙ ሰው ከእንቅልፉ ተነስቷል። የምሠራበት ቤት ታካሚዎች የግሉኮስ ማንጠልጠያ ይዘው ደረጃ ሲወርዱ አይቻለሁ። የተጠጋጉ ህንፃዎች በየራሳቸው ሲወዛወዙ ክፍተት ከሌለ ይጋጫሉ። ወለላቸው እኩል ካልሆነ ደግሞ የአንዱ ወለል የሌላውን ዓምድ ነው የሚመታው። አማካሪህን ይሄን ጠይቀው። ሆስፒታል በህንፃ ኮዱ ከመኖሪያ ቤት ጋር አንድ አይደለም፣ ከመሬት መንቀጥቀጥ በኋላም መሥራት ያለበት ተብሎ የመንቀጥቀጡ ጭነት በ1.4 ይባዛል። ስሌቱ ላይ 1 ብቻ ካየህ ፈተናውን ወድቋል።

የወለል ከፍታ ነገርም አለ። አሮጌ ህንፃዎች ላይ ከወለል ወለል 3 ሜትር ከምናምን ነው። ዛሬ ኦፕራሲዮን ክፍል ከኮርኒሱ በላይ የአየር ቱቦና ጋዝ ስለሚሄድበት 4 ሜትርና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ ሁለተኛ ፎቅ ከሁለተኛ ፎቅ አይገጥምም። ራምፕ ይሠራል፣ ራምፑ ደግሞ አንድ ሜትር ለመውጣት 12 ሜትር ይፈልጋል። ይሄን ፕላን ላይ ካላያችሁት ሲያልቅ አልጋ የሚገፉት ልጆች ይረግሟችኋል።

ኦክስጅን፣ ውሃና መብራት ክፍተቱን ሲሻገሩ የሚተጣጠፍ መጋጠሚያ ይደረግላቸው። ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት ደግሞ መሬት ውስጥ ምን እንዳለ ይታወቅ። አንድ ቦታ ኤክስካቫተር የጀነሬተሩን ኬብል በጥሶ፣ መብራት ኃይልም በዚያው ሰዓት ጠፍቶ፣ ቬንቲሌተር ላይ የነበሩ ሁለት ሰዎችን ባትሪው እያለቀ በእጅ ፓምፕ ስናደርግ ነበር። እንዲህ ያለ ቀን የሚመጣው ዓርብ ከሰዓት ነው፣ ሁልጊዜ። የሚቀየር መስመር ካለ አዲሱ ተዘርግቶ ተሞክሮ ነው አሮጌው የሚቆረጠው፣ ለአንድ ሌሊት እንኳን ቢሆን በመሃል ባዶ ጊዜ አይኖርም።

እና ስለ ሲቲ ስካኗ፣ ለምን ለብቻዋ ቤት ትሠራላችሁ? ማሽኑ ብቻውን ወደ 2 ቶን ነው፣ ወለሉ ትንሽ ካዘነበለ ያስቸግራል፣ ከድንገተኛ ክፍልም መራቅ የለበትም። ጭንቅላቱን የተመታ ሰው በዝናብ ግቢ አቋርጦ ወደ ወንዝ ይገፋ? የትልቁ ህንፃ ምድር ወለል ላይ አስገቧት። ጭቃ_መርማሪ እንዳለው ከሆነ ያ ህንፃ ከባድ ነው፣ መሠረቱም ለሱ ሲባል በደንብ ይሠራል። ያቺን ትንሽ ቤት ሰርዟት፣ የፓይሉ ጭቅጭቅ ግማሹ ከሷ ጋር ይሄዳል።

---

ሲስተር_አዳር

@ባዮሜድ_ነኝ ከላብራቶሪውም ጋር! ክረምት ላይ ናሙና በፕላስቲክ ሸፍኜ በጭቃ የሮጥኩበት ቤት ነበር።

---

ጭቃ_መርማሪ

@ባዮሜድ_ነኝ ይሄ ከእኔም ከአማካሪውም የተሻለ ሐሳብ ነው፣ እየመረረኝም ቢሆን። ምድር ወለሉ ይንጠልጠል ያልኩት ግን አይረሳ።

---

የግቢው_ሰው

ሦስት ሳምንት ጠፋሁ፣ ይቅርታ። ነገሩ እንዲህ ሆነላችሁ።

በማግስቱ ከቧንቧ ሠራተኛው ጋር ማንሆል እየከፈትን ሄድን። የጣሪያው አሸንዳስ አራት ቦታ ነው የሚወርደው፣ ሁለቱ በቀጥታ መሬት ላይ ግድግዳው ሥር ያፈሳሉ፣ ሰው እንደዚያ ነው የሠራው። የጥበቃ ቤቱ ጎን ያለው ሮቶ ደግሞ ሲሞላ እየፈሰሰ አጥሩ ሥር ይጠራቀማል፣ ማንም ልብ ያለው የለም። ትልቁ ግን ላውንደሪው ነው። ቱቦው ከኋላ በኩል መሬት ውስጥ ተሰብሮ ኖሯል። ቀለም ያለው ሳሙና ጨምረን ለቀቅነው፣ ያ ምንጭ አለበት ያልነው ቦታ ላይ አረፋ ሆኖ ወጣ። እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፣ የቧንቧ ሠራተኛው ግን ተቆጣ፣ "ስድስት ዓመት ነው የምናገረው" አለ። ለማን እንደተናገረ አላወቅንም።

ቦርዱ ላይ ትንሿ ቤት ትቅር የሚለውን አቀረብኩ። ስብሰባ ረግጦ የወጣው አባል መጀመሪያ ተቃወመ፣ ከዚያ ዋጋውን ሲያይ የራሱ ሐሳብ አድርጎ አቀረበው። ምንም አላልኩም። ሲቲውና ላብራቶሪው ትልቁ ህንፃ ምድር ወለል ላይ ይገባሉ፣ ማዋለጃውና ኦፕራሲዮኑ ከላይ። የአፈር ምርመራው እንደገና ይሠራል፣ አማካሪው ሁለት ጉድጓድ ብቻ አስቆፍሮ ነበር፣ ያውም አንዱን በሩ አጠገብ፣ ምክንያቱም ለመኪናው ይመች ስለነበር። አሁን ህንፃው በሚያርፍበት ላይ በየጥጉና መሃሉ ላይ ይቆፈራል። ፓይል ይሁን ፉቲንግ ከዚያ በኋላ ነው። የአሮጌውን ፉቲንግም በዶማ ወርደን አየነው። ፕላኑ ላይ 2 ሜትር ይላል፣ 1 ሜትር ከ60 ሆኖ አገኘነው። ጋሼ፣ ሰውየውን የሚያውቁት ነው የሚመስለው።

ጨቅላ ሕፃናት ክፍሉ ወደ ምዕራብ ጎን ይዛወራል። በሩን አጥሩ በተሰነጠቀበት እናወጣለን፣ ሲስተር አመሰግናለሁ። ባሕር ዛፉ ተቆርጧል። ቁፋሮው ለጥቅምት ነው የታሰበው።

አንድ ነገር ብቻ፣ አሁን እስከዚያ ድረስ አሮጌው ህንፃ እንዳይንቀሳቀስ በምን እከታተለዋለሁ? መሣሪያ የሚያከራይ አለ?

---

አባ_ግሬደር

ቀያሽ አምጥተህ በየጥጉ ነጥብ አስይዘው፣ ቁፋሮ ሲጀመር በየሳምንቱ ይለካልህ። እስከዚያ ግን ለአሁኑ ብዙ አትጨነቅ። የፀጉር ያህል ስንጥቅ ባለበት ቦታ ሁሉ በመሃሉ ላይ እንደ መዳፍ የሰፋ ጂፕሰም በስሱ ለጥፍበት። ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ ጂፕሰሙ ይሰነጠቃል፣ አይዋሽም። ከሰኔ በፊት ለጥፈው፣ ቀኑን በእስክሪብቶ ላዩ ላይ ጻፍበት። የጽዳት ሠራተኞቹንም ንገራቸው፣ እኔ ጋ ቆሻሻ መስሏቸው ፍቀው አንስተውብኛል።